ቅንጣት ክብደት ያገኛል ወይስ ግዘፍ ይነሣል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ «ቅንጣቶች በሲሜትሪ መሰበር ምክንያት ክብደት ያገኛሉ» ብዬ ጻፍሁ (ሲሜትሪ ነገሩ ቢዞርም ቢገለበጥም መልኩ የማይለወጥበት ባሕርይ ነው)። አንዱ ባልደረባዬ «መጠነ ቁስ በል» አለኝ፤ ሌላው «ግዝፈት» ይላል። «መሰበር» የሚለውም ቃል አልጣመኝም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ «ክብደት»ን ቶሎ እናሰናብተው። ክብደት መሬት ዕቃውን ወደ ራሷ የምትስብበት ኃይል ነው። ያው ድንጋይ ጨረቃ ላይ ቢቀመጥ ክብደቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል፤ እርስዎ የሚሉት ነገር፣ ፈረንጅ «ማስ» (mass) የሚለው፣ ግን ንቅንቅ አይልም። (ሥሩ «ከብደ» በዕብራይስጥም አለ፤ እዚያ «ካቬድ» ከባድም ነው፣ ጉበትም ነው። ለጥያቄዎ አይረባም፤ ሳልነግርዎ ማለፍ ግን አልሆነልኝም።)

«ማስ» ብለን እንዳለ እንውሰደው የሚሉም አሉ። ቃሉ ከላቲን «ማሳ»፣ እሱም ከግሪክ «ማዛ» የመጣ ነው፤ ማዛ የገብስ ቂጣ ነው፣ የተለወሰ ሊጥ። ፈረንጅ ከቡሃቃ አንሥቶ የሳይንስ ቃል ሲያደርገው የሳቀበት የለም። እኛ ዘንድ ግን «ማስ!» ማለት «ቆፍር!» ማለት ነው።

ዋናው ክርክሬ ከ«መጠነ ቁስ» ጋር ነው። ተማሪው ያውቀዋል፣ የመማሪያ መጻሕፍትም ይዘውታል። ነገር ግን ኒውተን በ1687 (እ.ኤ.አ.) ማስን «የቁስ ብዛት» ብሎ የበየነበት ብያኔ ነው በአማርኛ የተቀመጠው። ለድንችና ለብረት ይበቃል። እርስዎ ወደሚያስተምሩት ክፍል ሲመጣ ግን ቃሉ ራሱ ይዋሻል። ፕሮቶን 938 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ማስ የሚለካበት አሃድ ነው) ያህል ነው፤ በውስጡ ያሉትን የሦስቱን ኳርኮች የየራሳቸውን ብንደምር ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ እናገኛለን። የቀረው ኳርኮቹ ከሚንቀሳቀሱበትና እርስ በርሳቸው ከተሳሰሩበት ጉልበት የመጣ ነው። ታዲያ የምን ቁስ መጠን? ኤሌክትሮን ደግሞ በውስጡ የሚቆጠር ቁስ አልተገኘበትም፤ ያለው ማስ ኅዋን ሁሉ ከሞላው ከሂግስ መስክ ጋር ባለው ቁርኝት ጥንካሬ የሚወሰን ነው። በነገራችን ላይ ይህን ቁርኝት «ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው» እያሉ ባያስረዱ ይሻላል። ጭቃ የሚሄደውን ሁሉ እያዘገመ ያቆመዋል፤ ይኸኛው ግን የሚቃወመው ፍጥነት ሲለወጥ ብቻ ነው።

የሁለተኛው ባልደረባዎ ቃል ይሻላል፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል። «ገዝፈ» በግእዝ ወፈረ፣ ደነደነ፣ አካል አገኘ ነው። የትርጓሜ መምህራን ፍጥረትን «ረቂቅ» እና «ግዙፍ» ብለው ሲከፍሉ መላእክት ከረቂቁ፣ ሥጋ ከግዙፉ ይመደባሉ። ከዚያው ቤት የወጣ ሐረግ ዛሬም በጋዜጣ ሳይቀር ይነበባል፦ «ሐሳቡ ግዘፍ ነሣ»። የማይጨበጥ የነበረው ተጨበጠ ማለት ነው። «ነሣ» ከ«ነሥአ» ነውና በንጉሡ ሠ ይጻፍ፤ «ነሳ» የሚጽፈው ቢበዛም። «አገኘ» የሚለው ግሥ ከውጭ የተሰጠ ዕቃ ያስመስላል፤ «ነሣ» ግን «ሥጋ ነሣ» እንደምንለው ያልነበረ ሁኔታን ወደ ራስ መውሰድን ይናገራል። እንግዲህ በ1964 (እ.ኤ.አ.) የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሂግስ፣ ብራውትና ኤንግለርት፣ ሌሎች ሦስት ባልደረቦችም ለየብቻ የደረሱበትንና ኋላ ሌሎች ሥራ ላይ ያዋሉትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጻፍልዎ፦ ደካማውን የኑክሌር ኃይል የሚያደርሱት ደብሊውና ዚ የተባሉት ቅንጣቶች ግዘፍ ነሥተው ከ80 እና ከ91 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ሲሆኑ፣ የብርሃን ቅንጣት የሆነው ፎቶን ግን ረቂቅ እንደሆነ ቀረ። ከዚህ የተሻለ አማርኛ ካለ ያምጡልኝ።

«የቤተ ክህነት ቃል ላቦራቶሪ አይገባም» የሚለው ተቃውሞ አይከብደኝም፤ ሊጥ ገብቶ የለም? የሚከብደኝ ሌላው ነው። ዛሬ «ግዙፍ» ሲባል የሰው ጆሮ የሚሰማው ግዙፍ ሕንፃ፣ ግዙፍ ኩባንያ ነው። ለተማሪ «ኤሌክትሮን ግዝፈት አለው» ቢሉት ትልቅነት ይመስለዋል።

ወደ «መሰበር» እንሂድ። ሕግ ይጣሳል፣ ቃል ኪዳን ይፈርሳል፣ ሚዛን ይዛባል፣ እንስራ ይሰበራል። ሲሜትሪ የትኛው ነው? የሞሰብ ክዳን ጫፍ ላይ አንዲት ሽምብራ ያስቀምጡ። ክዳኑ ከየትኛውም ወገን ቢያዩት አንድ ነው፤ ሽምብራዋ ግን ተንከባልላ በአንድ በኩል ብቻ ትወርዳለች። ክዳኑ አልተሰበረም፣ አልፈረሰም፤ ክብነቱ እንዳለ ነው። የተዛባው የሽምብራዋ ቦታ ነው። የተፈጥሮ ሕግም እንዲሁ ሲሜትሪውን እንደያዘ ነው፤ በየቦታው ከዜሮ የተለየ ዋጋ ይዞ የተቀመጠው የሂግስ መስክ ግን ያንን ሲሜትሪ አያሳይም። ሲድኒ ኮልማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅም «ስውር ሲሜትሪ» ማለትን ወድዶ ነበር፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

«መሰበር» ካሉ ግን «መስበር» አይበሉ። የ«ተ» ተደራጊ አድራጊ የሌለውንም ድርጊት ይሸከማል፤ «ብርጭቆው ተሰበረ» ስንል ማን ሰበረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ «በራሱ» (spontaneous) የሚለው ተጨማሪ ትርፍ ነው ብዬ ስከራከር ኖሬአለሁ። አሁን ግን እጅ ሰጥቻለሁ፦ ፊዚክሱ ሆን ተብሎ በእኩልታው ላይ በሚጨመር ነገር የሚሰበረውን ከዚህኛው ይለያልና «በራሱ መሰበር» ይባል። «ሲሜትሪ»ንም አይተርጉሙት። «ተመጣጣኝነት» ብዬ ሞክሬው ነበር፤ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ መስሎ ቀረ።

የአውሮፓው የቅንጣት ምርምር ማዕከል ሰርን በ2012 ሐምሌ 4 (እ.ኤ.አ.) 125 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሆነውን፣ ከሂግስ መስክ ይጠበቅ የነበረውን ዓይነት ቅንጣት ማግኘቱን ሲያስታውቅ ነገሩ አበቃ፤ የእኛ የቃል ክርክር ግን ገና ነው። «መጠነ ቁስ» ክፍል ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፣ እኔ አላስወጣውም። ፈተና ላይ የጻፈውን ልክ ነው ይበሉት። «ግዘፍ ነሣ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ከተገኘ ግን አንድ ነጥብ ይጨምሩለት፤ በእኔ ይሁን።