ሞጁሉ ወርዷል፣ ታይመሩ ግን ገና ይቆጥራል፦ ጥያቄና መልስ

የከርነል ሞጁል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት (ከርነሉ) እየሠራ እያለ የሚጫንበትና የሚወርድለት ኮድ፣ የሚጽፍ ሰው የመጫኛውን ኮድ ተጠንቅቆ ይጽፋል። የማውረጃውን ግን መጨረሻ ላይ፣ ደክሞት፣ «ይሄማ ምን አለው» እያለ ነው የሚጨርሰው። ማሽኑን የሚጥለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ዛሬ ስለ ማውረድ፣ ማለትም የተጫነን ሞጁል ከከርነሉ ስለ ማስወጣት (አንሎድ)፣ ብቻ ጠይቁኝ። ምሳሌዎቼ ከሊኑክስ ናቸው፤ የፈንክሽን ስሞችን በአፍ እንደምንጠራቸው እጽፋቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከመሠረቱ ጀምርልን። ኮልባክንና ሞጁል ማውረድን ምን ያጣላቸዋል?

ኮልባክ ማለት ለከርነሉ «ጊዜው ሲደርስ እዚህ አድራሻ ላይ ያለውን ፈንክሽን ጥራልኝ» ብሎ አደራ መስጠት ነው። አድራሻው ያለው የሞጁላችሁ ኮድ ውስጥ ነው። ሞጁሉ ሲወርድ ያ ሜሞሪ ይለቀቃል። አድራሻውን የያዘው ታይመር (የከርነሉ ጊዜ ቆጣሪ) ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጊዜው ሲደርስ ይጠራል፤ ሲፒዩው የሌለ ቦታ ላይ ይዘላል።

ተራ ፕሮግራም ሲዘጋ ከርነሉ ከኋላው እየተከተለ ያጸዳል። ሞጁል ግን ራሱ የከርነሉ አካል ነው፤ የሚያጸዳለት የለም። ስለዚህ የማውረጃ ኮድ ስጽፍ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኮዴን አድራሻ አሁንም ማን ይዞታል?

ጥያቄ፦ ማሽኔ አልፎ አልፎ ይወድቃል። ችግሩ ይሄ መሆኑን ከሎጉ እንዴት ልወቅ?

ማሽኑ ሲወድቅ ሎጉ ላይ የሚወጣውን የፈንክሽን ጥሪዎች ዝርዝር፣ ኮል ትሬሱን፣ እይ። የፈንክሽን ስም መኖር ባለበት ቦታ ስም የሌለው የአድራሻ ቁጥር ብቻ ካለ ጠርጥር። ስሙን የሚያውቀው ሰንጠረዥ ከሞጁሉ ጋር አብሮ ሄዷል። «ኮድ» የሚለው መስመርም ባይቶቹን ከማሳየት ይልቅ ማንበብ አልተቻለም ይላል። ከሞጁሎቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ «ላስት አንሎድድ» ብሎ ያንተን ሞጁል ከጠራ፣ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

ክፉው ነገር፣ ቦታው ላይ ሌላ ሞጁል ተጭኖ ከቆየ ክራሹ ምንም በማያውቀው ሰው ኮድ ውስጥ ይታያል። ያኔ ስንት ቀን በከንቱ ትለፋለህ።

ጥያቄ፦ ሞጁሉን ሳወርድ «ዴል ታይመር» ጠርቼ ታይመሩን አጥፍቻለሁ። አሁንም ይወድቃል። ለምን?

ማጥፋትና እስኪጨርስ መጠበቅ ለየቅል ናቸው። ይሄን በዝግታ እንየው።

ማውረጃው ኮር 0 (ከሲፒዩው ኮሮች አንዱ) ላይ እየሮጠ ነው እንበል። ኮር 1 ላይ የታይመሩ ጊዜ ደርሷል፤ ኮልባኩ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ኮር 0 «ዴል ታይመር» ይጠራል። ይህ ፈንክሽን የሚያየው ታይመሩ ተራ እየጠበቀ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። እየጠበቀ አይደለም፤ ወጥቶ እየሮጠ ነው። ስለዚህ «የሚጠፋ ነገር የለም» ብሎ ይመለሳል። ኮር 0 ዳታውን ይለቃል፣ ሞጁሉም ይወርዳል። ኮር 1 አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ መስመሩ የለም።

የሚያስፈልግህ «ዴል ታይመር ሲንክ» ነው፤ በአዲሶቹ ከርነሎች ስሙ «ታይመር ዲሊት ሲንክ» ሆኗል። እሱ ኮልባኩ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ግን ኮልባኩ የሚፈልገውን ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚይዘውን ቁልፍ) ይዘህ እንዳትጠራው! አንተ እሱን ትጠብቃለህ፣ እሱ ሎኩን ይጠብቃል፤ ሁለታችሁም እዚያው ትቀራላችሁ።

ጥያቄ፦ ታይመሬ ወርክ (ከርነሉ ቆይቶ እንዲሠራው ወረፋ የሚያዝለት ሥራ) ያስነሳል፣ ወርኩ ደግሞ ታይመሩን እንደገና እንዲቆጥር መልሶ ይሞላል። የትኛውን ቀድሜ ላቁም?

እዚህ ላይ እኔም ተሞኝቻለሁ። ታይመሩን በሲንክ አቆምኩ፣ ከዚያ ወርኩን «ካንስል ወርክ ሲንክ» አልኩት። ሁለቱም የሚጠብቁ ናቸው፣ ምን ይጎድላል አልኩ። የጎደለው ይሄ ነው፦ ታይመሩ ከቆመ በኋላ፣ ወርኩ ከመሰረዙ በፊት፣ እየሮጠ የነበረው ወርክ ታይመሩን እንደገና ሞላው። ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። አሁን ደግሞ ወርኩ ከተሰረዘ በኋላ ታይመሩ አዲስ ወርክ አስነሳ። እባብ ጭራውን ሲያባርር ማለት ነው።

በ2023 ከወጣው 6.2 ከርነል ጀምሮ «ታይመር ሻትዳውን ሲንክ» አለ። ኮልባኩን ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ታይመሩን ለመሙላት የሚደረግ ሙከራን ሁሉ ዝም ብሎ ይተወዋል። እሱን አስቀድም፣ ወርኩን አስከትል፤ አለቀ። በአሮጌ ከርነል ከሆንክ «እየወጣሁ ነው» የሚል ምልክት አስቀምጥና ወርኩ ታይመሩን ከመሙላቱ በፊት በሎክ ሥር ሆኖ ይየው። ምልክቱን ያለ ሎክ ማየት ባጉን ብርቅ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ብርቅ ባግ ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄ፦ በአርሲዩ (አንባቢዎች ያለ ሎክ እንዲያነቡ፣ አሮጌው ዳታም እነሱ ከጨረሱ በኋላ እንዲለቀቅ በሚያደርገው ዘዴ) እጠቀማለሁ፤ በ«ኮል አርሲዩ» ነው ዳታ የምለቀው። ሳወርድ «ሲንክሮናይዝ አርሲዩ» እጠራለሁ። ይበቃል አይደል?

አይበቃም። እሱ የሚጠብቀው አሁን እያነበቡ ያሉትን አንባቢዎች ነው። በ«ኮል አርሲዩ» ያስረከብካቸው ኮልባኮች ግን አንባቢዎቹ ከጨረሱም በኋላ በየኮሩ ወረፋ ላይ ተሰልፈው ሊቆዩ ይችላሉ። እነሱን የሚጠብቀው «አርሲዩ ባሪየር» ነው። ከመጥራትህ በፊት ግን አዲስ ኮልባክ የሚያስገባውን ሁሉ አቁም፤ አለዚያ ባሪየሩ ካለፈ በኋላ የገባውን ማንም አይጠብቅልህም።

ጥያቄ፦ ለምን ይህን ሁሉ እንለፋለን? ኮልባኩ መጀመሪያ መስመር ላይ «ትራይ ሞጁል ጌት» ብሎ ሞጁሉን እንዳይወርድ ቢይዘውስ?

ብዙ ሰው የሚያስበው ዘዴ ነው። ግን ያ የመጀመሪያ መስመር ራሱ የት ነው ያለው? ሞጁሉ ውስጥ። ሞጁሉ ወርዶ ከሆነ እዚያ መስመር ላይ ሳትደርስ ወድቀሃል። ቁልፉ ቤቱ ውስጥ ተቆልፎበት እንደ መቅረት ነው።

ሞጁሉን መያዝ ያለበት ከውጭ ሆኖ የሚጠራው ነው፣ ያውም ከመጥራቱ በፊት። በፋይል ኦፕሬሽኖች ሰንጠረዥ ላይ «ኦውነር» የሚለውን የምንሞላው ለዚህ ነው፤ ፋይሉ ሲከፈት ከርነሉ ራሱ የሞጁሉን ተጠቃሚዎች ቆጠራ ከፍ ያደርግልናል።

መውጫውም ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የከርነል ትሬድ ሥራውን ጨርሶ «ሞጁል ፑት» ብሎ ሞጁሉን ሲለቅ ቆጠራው ዜሮ ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለችው የመመለሻ ትእዛዝ ግን ገና ሞጁሉ ውስጥ ናት። ለዚህ ነው ከርነሉ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ «ሞጁል ፑት ኤንድ ኬትሬድ ኤግዚት» ያለው፤ ከለቀቀ በኋላ ወደ ሞጁሉ አይመለስም።

ጥያቄ፦ የተጫኑ ሞጁሎችን የሚዘረዝረው «ኤልኤስ ሞድ» ተጠቃሚ 0 ካለኝ ማውረድ እችላለሁ ማለት ነው?

ማውረድ ይፈቀድልሃል ማለት ነው እንጂ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ታይመር፣ ወርክና የአርሲዩ ኮልባክ በዚያ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም።

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ ቅደም ተከተሉ ምን ይሁን?

ከበሩ ጀምር። አዲስ ሥራ የሚያስገባውን ሁሉ መጀመሪያ ዝጋ፦ የዲቫይስ ፋይሉን፣ ኖቲፋየሩን (ከርነሉ ክስተት ሲኖር የሚጠራውን ኮልባክ)፣ ኢንተራፕቱን (መሣሪያው ሲፒዩውን የሚጠራበትን ምልክት)። መሣሪያው ራሱ ኢንተራፕት እንዳይልክ አድርገህ «ፍሪ አይአርኪው» ጥራ፤ እየሮጠ ያለው ሃንድለር (ኢንተራፕቱን የሚቀበለው ፈንክሽን) እስኪጨርስ ይጠብቃል። ከዚያ ታይመር፣ ከዚያ ወርክ፣ ከዚያ አርሲዩ ባሪየር። ዳታውን መልቀቅ የመጨረሻው ነው። ሃንድለሩ ወርክ የሚያስነሳ ከሆነ ኢንተራፕቱ ሳይዘጋ ወርክ መሰረዝ ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። መጫኛው መሃል ላይ ስህተት አግኝቶ ከተመለሰ፣ የማውረጃው ፈንክሽን አይጠራም። ኮዱ ግን ይለቀቃል። ከስህተቱ በፊት ያስነሳኸውን ታይመር እዚያው መጫኛው ውስጥ ማቆም ያንተ ፋንታ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ባጉ በሺህ አንዴ ብቻ የሚመጣ ከሆነ እንዴት ልያዘው?

መስኮቱን አስፋው። ወርኩ ውስጥ፣ ታይመሩን ከመሙላቱ በፊት፣ ለሙከራ ሁለት ሰከንድ እንቅልፍ ጨምር። ከዚያ በሌላ ተርሚናል ሥራ እያበዛህ ሞጁሉን በሉፕ ጫንና አውርድ። የእኔን ባግ ያገኘሁት እንዲህ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ዝም ያለው ሞጁል እንቅልፏን ስጨምር በሦስተኛው ዙር ወደቀ። ታይመር ኮልባክ ውስጥ ግን መተኛት አይቻልም፤ እዚያ ሲፒዩውን የሚያስጠብቀውን «ኤም ዲሌይ» ተጠቀም።

ለሙከራ ከርነልህ ላይ የሜሞሪ ስህተት ፈላጊውን ኬሳንን ክፈት፤ የተለቀቀ ዳታ ሲነካ ይጮኻል። የዲበግ ኦብጀክትስ ምርጫን ለታይመርም ለወርክም ክፈት፤ ገና ያልቆመ ታይመር የያዘ ሜሞሪ ስትለቅ ያስጠነቅቃል፣ ያውም ክራሹ ሳይመጣ በፊት። የሎክ አያያዝን የሚከታተለው ሎክዴፕ ደግሞ ቅድም ያልነውን የሎክ ዴድሎክ ይይዛል።

ጥያቄ፦ አልወርድ ሲል በግድ ማውረድስ?

በራስህ የሙከራ ማሽን ላይ፣ ሪስታርት ለማድረግ ዝግጁ ከሆንክ። አልወርድ ያለው ምክንያት ስላለው ነው።

ጥያቄ፦ ሞጁሌ ጭራሽ እንዳይወርድ ባደርገውስ? ሰነፍ ያሰኛል?

አያሰኝም። የማውረጃ ፈንክሽን ያልጻፈ ሞጁል አንዴ ከተጫነ እስከ ሪስታርት ይቆያል፤ ከርነሉ ራሱ በተለመደው መንገድ አያወርደውም። ኮልባኮችህ ተመዝግበው የሚቀሩት መሰረዣ በሌለው ቦታ ከሆነ፣ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ሞጁሉን ገና እየጻፍከው እያለህ ግን በየለውጡ ሪስታርት ማድረግ ስለሚሰለች፣ ማውረጃውን መጻፉ ይሻልሃል።