እንቁላሉ ውስጥ ሞቶ የቀረ ጫጩት

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ 60 እንቁላል የሚይዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጫጩት መፈልፈያ ገዝቼ፣ ከራሴ ዶሮዎች 40፣ ከሱቅ ደግሞ 20 እንቁላል አስገባሁ። ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ላይ አድርጌ ብጠብቅም በ21ኛው ቀን የወጡት 17 ጫጩቶች ብቻ ናቸው። የቀሩትን ስሰብር አንዳንዱ እንደገባ ነው፤ በሌሎቹ ውስጥ ግን ላባ ያበቀለ ሙሉ ጫጩት ሞቶ፣ ስሱ ሽፋን እንደ ደረቀ ወረቀት ገላው ላይ ተጣብቆ አገኘሁ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የልጅ ልጆቼ ክዳኑን እየከፈቱ ያዩ ነበር። ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ ማሽንዎን አይውቀሱት። ሙቀቱ በዝቶ ቢሆን ጫጩቶቹ ቀድመው፣ አንሶ ቢሆን ዘግይተው ይወጡ ነበር፤ የወጡት በቀናቸው ነው።

እንደገቡ የተገኙት በአብዛኛው የሱቅ እንቁላሎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ለገበያ የሚጥሉ ዶሮዎች ብዙ ጊዜ ያለ አውራ ስለሚያዙ እንቁላላቸው አይዳብርም። ይህን ለማወቅ 21 ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በ7ኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍተው፣ የእንቁላሉን ሰፊ ጫፍ በስልክዎ ባትሪ ላይ ቢያስደግፉት፣ የዳበረው ከአንድ ጥቁር ነጥብ ተነሥተው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ያሳይዎታል። ያልዳበረው ወለል ብሎ ይበራል። ደሙ ተሰብስቦ ቀለበት ከሠራ ግን ጽንሱ ሞቷል፤ በስብሶ ሳይፈነዳና ሌሎቹን ሳይበክል ያውጡት።

ዋናው ጉዳይ የእርጥበት ነው። እንቁላል በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ስለሚተነፍስ በ18 ቀን ውስጥ ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ የሚሆነውን በውኃ መልክ ያጣል፤ 50 ግራም የነበረው ወደ 44 ግራም ይወርዳል ማለት ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ስለሆነ፣ በሳሳው አየር ውስጥ እንቁላሉ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል፤ የበጋው ደረቅ ነፋስ ሲጨመርበትማ ይብሳል። ስለዚህ ከማሽኑ መመሪያ ይልቅ በሰፊው ጫፍ በኩል ያለውን የአየር ክፍል ይመኑ። በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ18ኛው ቀን ድንበሩን በእርሳስ ያስምሩ፤ በ18ኛው ቀን ከእንቁላሉ ሲሶ ገደማ መያዝ አለበት። ቀድሞ ከሰፋ የውኃውን ሳሕን ይለውጡ፤ እርጥበት የሚጨምረው የሳሕኑ ስፋት እንጂ ጥልቀቱ አይደለም።

እስከ 18ኛው ቀን በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያገላብጡ፤ ከዚያ በኋላ አይንኩ። (የእባብ ወይም የኤሊ እንቁላል ቢሆን ምክሬ ተቃራኒው ነበር፤ የእነርሱ ጽንስ ቅርፊቱ ላይ ስለሚጣበቅ መገልበጥ ሊገድለው ይችላል።) መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ጋቢ ያልብሱት፤ ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝ ከመጋል ይሻላል።

ጫጩቶቹን የገደለው እንግዲህ የክዳኑ መከፈት ይመስለኛል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ መሆን ሲገባው፣ ክዳኑ በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ ይወጣል፤ ቅርፊቱን በስቶ መውጫ የጀመረው ጫጩትም ሽፋኑ ደርቆ ይታሰርበታል። ቀድመው የወጡት ይራባሉ ብለው አይቸኩሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ የገባው አስኳል ለሁለት ቀን ያህል ያቆያቸዋል። በ18ኛው ቀን ማታ ለብ ያለ ውኃ ሞልተው ይክደኑት፤ የልጅ ልጆችዎም በመስኮቱ ይዩ፤ መስታወቱ በላብ ቢጋረድባቸውም እንኳ አይክፈቱላቸው።