ጥያቄና መልስ፦ ሎው ክለርክ ለመሆን ምን ልማር?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሎው ክለርክ ስለመሆን ናቸው። በዚህ ስም የሚጠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በጠበቃ ቢሮ ሰነድ አዘጋጅቶ መዝገብ የሚከታተል ባለሙያ ነው፤ ሌላው ዳኛን የሚያግዝ የሕግ ምሩቅ። የትምህርታቸው መንገድ ስለሚለያይ በየመልሱ የትኛውን ማለቴ እንደሆነ ጠቅሻለሁ።

«የምኖረው ኦንታሪዮ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። በጠበቃ ቢሮ ለመሥራት የግድ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለብኝ?»

የግድ አይደለም። በኦንታሪዮ ኮሌጆች የሚሰጠው የሎው ክለርክ ዲፕሎማ ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት ይፈጃል። ለሥራው የመንግሥትም ሆነ የሎው ሶሳይቲ (የሕግ ባለሙያዎችን የሚቆጣጠረው አካል) ፈቃድ አይጠየቅም፤ ከ2007 ጀምሮ ፈቃድ የሚያስፈልገው ፓራሊጋል፣ ማለትም የተወሰኑ የሕግ አገልግሎቶችን በራሱ ለደንበኛ የሚሰጠው ባለሙያ ነው። ሎው ክለርክ የሚሠራው በጠበቃ ኃላፊነት ሥር ነው። በ1968 የተቋቋመው የኦንታሪዮ ሎው ክለርኮች ኢንስቲትዩት የሚያስተምራቸው መሠረታዊ ዘርፎች የፍርድ ቤት ክርክር፣ የኩባንያ ሕግ፣ ውርስ እና የማይንቀሳቀስ ንብረት ናቸው። የሚያዩት የኮሌጅ ፕሮግራም ከእነዚህ አንዱን ካጎደለ ምክንያቱን ይጠይቁ።

የሥነ ሥርዓት ኮርሱን ብዙ ተማሪ አሰልቺ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እርስዎ እንዲህ አያድርጉ። ኦንታሪዮ ውስጥ ክስ የደረሰው ሰው የመከላከያ መልሱን ለማቅረብ 20 ቀን አለው። ክሱ የደረሰው በሌላ የካናዳ ክፍለ ሀገር ወይም በአሜሪካ ከሆነ 40፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ 60 ቀን ይሆናል። ክሱ የደረሰበት ቀን አይቆጠርም፤ የመጨረሻው ቀን ግን ይቆጠራል። ጊዜው 7 ቀን ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ከቆጠራው ይወጣሉ። ይህን ቆጥሮ ቀን መቁጠሪያው ላይ የሚያሰፍረው ብዙ ጊዜ ክለርኩ ነው። ቆጠራው ከተሳሳተ ደንበኛው የመከራከር ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። ደንብ ስለሚሻሻል፣ የተማሩትን ቁጥር በቃልዎ ይዘው ከመቁጠር በየጊዜው ደንቡን ገልጠው ማየትን ገና ተማሪ ሳሉ ይልመዱ።

«አሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ስመረቅ ፌዴራል ዳኛ ዘንድ ክለርክ መሆን እፈልጋለሁ። የትኞቹን ኮርሶች ልምረጥ?»

ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የሚያስተምረውን ኮርስ፣ የማስረጃ ሕግን፣ የአስተዳደር ሕግንና የወንጀል ሥነ ሥርዓትን ይውሰዱ። አንድ ብቻ ምረጡ ብባል ግን የምመርጠው የጽሑፍ ኮርስ ነው። ያውም መምህሩ ረቂቁን በቀይ አርሞ የሚመልስበትን፣ እርስዎም እንደገና ጽፈው የሚያስረክቡበትን። በፈተና ውጤት ብቻ የሚያልቅ ኮርስ ለዚህ ሥራ በቂ አያደርግዎትም።

ምክንያቱን ሥራው ራሱ ይነግርዎታል። ክለርኩ የሁለቱን ወገን ክርክርና መዝገቡን አንብቦ ለዳኛው ቤንች ሜሞ፣ ማለትም ዳኛው ለጉዳዩ የሚዘጋጅበትን ማስታወሻ ይጽፋል። አከራካሪው ነጥብ የቱ ነው? ከሳሽ ምን አለ? ተከሳሽ ምን መለሰ? መዝገቡስ በእርግጥ ምን ይላል? ጠበቃው «ፍርድ ቤቱ እንዲህ ብሏል» ብሎ ከጠቀሰ ክለርኩ ያን ፍርድ አውጥቶ፣ ገጹን ገልጦ፣ ዓረፍተ ነገሩ መኖሩን፣ በኋላም አለመሻሩን ያጣራል። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ለፌዴራል ፍርድ ቤት በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እንዲህ ያለው ነገር እየበዛ ሲሄድ የክለርኩ ማጣራት ይበልጥ እንጂ ያነሰ አይፈለግም።

ከትምህርቱ ጎን ለጎን ዳኛ ቢሮ ውስጥ በኤክስተርንነት (በተማሪነት ለልምምድ) የሚሠሩበትን ሴሚስተር ይፈልጉ። ቢያንስ ሁለት መምህራንም ሥራዎን በቅርብ እንዲያውቁት ያድርጉ። በ1882 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ሆራስ ግሬይ ክለርክ መቅጠር ሲጀምሩ ተመራቂዎቹን ይመርጡላቸው የነበሩት የሃርቫርድ መምህር የሆኑት ወንድማቸው ነበሩ። የመምህር ምስክርነት ዛሬም ከባድ ሚዛን አለው። ብዙዎቹ ፌዴራል ዳኞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ኦስካር በተባለው የኢንተርኔት ሥርዓት ነው፤ ቅጥሩም በአብዛኛው ለ1 ወይም ለ2 ዓመት ነው። የአሜሪካ ዜግነት ከሌለዎት የፌዴራል ቅጥር ገደቦች ስላሉ አስቀድመው ያጣሩ።

«በሌላ አገር የሕግ ዲግሪ አለኝ። ካናዳ ገብቼ ከዜሮ ልጀምር?»

ለክለርክነት ከዜሮ አይጀምሩም። ዲግሪዎ ለቀጣሪው ብዙ ይናገራል፤ የሚጎድልዎት የአገሩ ሥነ ሥርዓት፣ ቅጻ ቅጾችና ሶፍትዌር ነው። ያንን በአጫጭር ኮርሶች መሙላት ይቻላል። ጠበቃ የመሆን ሐሳብ ካለዎት ደግሞ ኤንሲኤ የሚባለው ብሔራዊ ኮሚቴ ዲግሪዎን መርምሮ የትኞቹን ትምህርቶች ማሟላት እንዳለብዎት ይነግርዎታል። በክለርክነት እየሠሩ ፈተናዎቹን አንድ በአንድ መውሰድ ይቻላል። እኔ ይህን መንገድ እወደዋለሁ፤ ደመወዝ እያገኙ የሥራውን ቋንቋ ይለምዳሉ።

«በጥቂት ሳምንት የምስክር ወረቀት እንሰጣለን የሚል የኦንላይን ማስታወቂያ አየሁ። ልመዝገብ?»

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በሚኖሩበት ከተማ የወጡ የክለርክ ቅጥር ማስታወቂያዎችን ሰብስበው ያንብቡ። ያ ወረቀት በአንዱም ካልተጠቀሰ ይተዉት።

«እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው። የሕግ ጽሑፍ ያስፈራኛል። ይህ ሥራ ለእኔ ይሆናል?»

ይሆናል፤ ፍርሃትዎንም አላቃልልም። በዚህ ሥራ ከአነጋገር ቅላጼ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈለጋል። በክሱ ላይ በአንድ ዓይነት የተጻፈው የደንበኛ ስም በቃለ መሐላው ላይ አንድ ፊደል ተቀይሮ ቢገኝ ያንን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ፊደል በፊደል ማንበብን የለመደ የሁለተኛ ቋንቋ ተናጋሪ እዚህ ላይ አያንስም።

ልምምድ ልስጥዎት። ከአሥር ገጽ ያልበለጠ ፍርድ ይምረጡና በአንድ ገጽ አራት ነገር ይጻፉ፦ ምን ተፈጠረ፣ ያከራከረው ምንድን ነው፣ ምን ተወሰነ፣ ለምን? ከዚያ ፍርዱን መልሰው ይክፈቱና ከራስዎ የጨመሩትን ሁሉ ይሰርዙ። የኮሌጁ የጽሑፍ ማዕከል ካለ ገጽዎን ይዘው ይሂዱ፤ አገልግሎቱ ለዚሁ የተቋቋመ ነው። ይህን በየሳምንቱ የሚያደርግ ተማሪ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ለውጡን ያየዋል።

«ከክለርክነት ተነስቼ የሕግ ትምህርት ቤት ሳልገባ ጠበቃ መሆን እችላለሁ?»

በአሜሪካ ጥቂት ግዛቶች ይቻላል። ዋሽንግተን ግዛት ሎው ክለርክ የሚባል የ4 ዓመት ፕሮግራም አላት፤ ተማሪው በጠበቃ ወይም በዳኛ ሥር እየሠራ ይማራል፣ በየወሩ ይፈተናል፣ በመጨረሻም ለጠበቃነት ፈተና ይቀመጣል። ካሊፎርኒያ፣ ቨርጂኒያና ቨርሞንትም ተመሳሳይ መንገድ አላቸው። የሕግ ትምህርት ቤት ክፍያን ያስቀራል፤ ግን ጊዜውን የሚሰጥ አስተማሪ ጠበቃ ማግኘት ከባድ ነው፣ ወደ ሌላ ግዛት ቢዛወሩም ፈቃዱ እዚያ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

«ወዳጆቼ የሕግ ቢሮ እንደምሠራ ስለሚያውቁ ስለ ጉዳያቸው ይጠይቁኛል። ልመልስላቸው?»

የሥነ ምግባር ኮርሱ በዋናነት የሚሰጠው ለዚህ ነው። ቅጹ የት እንደሚገኝ፣ ጠበቃ እንዴት እንደሚፈለግ መንገር ይችላሉ። «ልክሰስ? ልፈርም? ልታረቅ?» ለሚል ጥያቄ ግን መልስ መስጠት ያለ ፈቃድ የሕግ ምክር መስጠት ነው፤ ያስጠይቃል፣ ወዳጅዎንም ሊጎዳ ይችላል። ዳኛ ዘንድ የሚሠሩ ከሆነ ሥራውን ከለቀቁ በኋላም ቢሆን በቢሮው የሰሙትን አይናገሩም። የወዳጅዎን ስም በቢሮዎ መዝገብ በተቃራኒ ወገን ካዩ ደግሞ በዚያው ቀን ለጠበቃው ይንገሩ፤ እሱ እስኪወስን ድረስ ፋይሉን አይክፈቱ።