ለትምህርት ቤት «እሺ» ከማለታችሁ በፊት

እዚህ አሜሪካ፣ ልጄ ስለሚያስፈልገው ልዩ እርዳታ ትምህርት ቤቱ በጠራው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ስድስት ሰው ጠረጴዛውን ከቦ ተቀምጦ ነበር። አስተማሪዋ፣ ሳይኮሎጂስቱ፣ የስፒች ባለሙያዋ፤ የቀሩትን አላውቃቸውም። ሁሉም ይፈጥናሉ። እኔ አንገቴን እየነቀነቅሁ «ኦኬ፣ ኦኬ» እላለሁ። በኛ ዘንድ «እሺ» ሲባል እየሰማሁ ነው፣ አክብሬያችኋለሁ ማለትም ነው። እነሱ ግን ወላጅ ተስማምቷል ብለው ጻፉ። ለልጄ የተመደበለት የንግግር እርዳታ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ብቻ መሆኑ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ በንባብ ወይም በንግግር ወደኋላ ሲቀር ካያችሁ እስክትጠሩ አትጠብቁ። «ልጄ ለስፔሻል ኤዱኬሽን (ለመማር ለሚቸገሩ ልጆች ለሚሰጠው ልዩ እርዳታ) ይገምገምልኝ» ብላችሁ ትምህርት ቤቱን በኢሜይል ጠይቁ። በቃል የተባለ ይረሳል፤ ኢሜይል ቀን አለው። እንግሊዝኛው ባያምርም ግድ የለም። በፌዴራሉ ሕግ፣ ፈርማችሁ ከፈቀዳችሁበት ቀን ጀምሮ ግምገማው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። የራሳቸውን ቀነ ገደብ ያወጡ ስቴቶችም አሉ። እርዳታ ይገባዋል ከተባለ፣ በ30 ቀን ውስጥ ስብሰባ ተደርጎ አይኢፒ (IEP) የሚሉት፣ ለሱ ብቻ የሚወጣ የትምህርትና የእርዳታ እቅድ ይዘጋጅለታል። ሁሉም በነፃ ነው። የመኖሪያ ወረቀት አለመኖርም ልጁን ይህን መብት አያሳጣውም።

በግምገማው ጊዜ ስለ አማርኛው ንገሯቸው። ቤት ውስጥ ሲያወራም ቃል ይጠፋዋል? ወይስ የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው? ይህን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ልዩነቱ ደግሞ ትልቅ ነው፤ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ የመማር ችግር አለበት ሊባል አይችልም። «አማርኛ እያናገራችሁት ነው የዘገየው» የሚላችሁ ካለም አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ንግግር አያዘገይም።

አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ስብሰባው ሲቀጠር አስቀድማችሁ አሳውቁ። እንግሊዝኛ የምትችሉም ጠይቁ፤ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛና የዚህ ስብሰባ እንግሊዝኛ ለየቅል ናቸው። ታላቅ እህቱን ግን በፍጹም አታስተርጉሙ። አንዲት የማውቃት እናት የ12 ዓመት ሴት ልጇን እንድታስተረጉምላት ይዛ ወደ ወንድሟ ስብሰባ ገባች። አስተማሪው ልጁ በንባብ ሁለት ክፍል ወደኋላ ቀርቷል አለ። ልጅቷ የእናቷን ፊት አየች፤ ከዚያ «ትንሽ ይቀረዋል አሉ» አለቻት። እናቷ እንዳታዝን ብላ ነው። ያቺን ልጅ ባሰብኳት ቁጥር አንጀቴን ትበላኛለች።

ወረቀት ሲሰጧችሁ እዚያው ለመፈረም አትቸኩሉ። «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር አይደለም። የምትፈርሙት መገኘታችሁን ለማሳወቅ ይሁን ለስምምነት ጠይቁ። ያልተስማማችሁበትን በጽሑፍ አስፍሩ። እቅዱ በዓመት አንዴ የግድ ይታያል፤ ካልሠራ ግን ዓመቱን መጠበቅ የለባችሁም፣ በመካከልም ስብሰባ መጠየቅ ትችላላችሁ።

መምህር ስናከብር ስላደግን አፍ አውጥቶ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። ይሉኝታው እኔንም ይዞኝ ነበር። በሁለተኛው ስብሰባ አስተርጓሚ አስጠራሁ፣ ጓደኛዬንም ይዤ ገባሁ። ሕጉ ይፈቅዳል። ጥያቄዎቼን ቤት በደብተር ጽፌ ነበር። የመጀመሪያው «ያቺን ግማሽ ሰዓት የሚማረው ብቻውን ነው ወይስ ከስንት ልጅ ጋር?» የሚል ነው። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ወረቀቷን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ከአራት ልጆች ጋር» አለች። በዚያን ቀን «ኦኬ» አላልኩም።