ሁለት ዝርያ ነው ወይስ የአንድ እናት ልጆች?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ቦንጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ቡና ደን ውስጥ የወደቀ የዋንዛ ግንድ ላይ ጥቁር ጉንዳኖች አየሁ። አንዳንዶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሌሎቹ ግን ጭንቅላታቸው ለጉድ ነው። ከግንዱ ሥር የእንጨት ብናኝ ተከምሯል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ «አናጺ ጉንዳን» የሚል አገኘሁ፣ ፎቶው ግን የኔዎቹን አይመስልም። አዲስ ዝርያ ከሆኑ እንዴት ይመዘገባሉ? ሁለቱን ለየብቻ ላስመዝግብ? አንዱን በእናቴ ስም መሰየም እፈልጋለሁ። ለጊዜው ካቲካላ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ።
የደኑ ልጅ

መልስ፦ ከካቲካላው እንጀምር። ሐሳብህ መጥፎ አይደለም፣ ግን አይበቃም። ለዲኤንኤ ምርመራ 95 ከመቶ ገደማ የሆነ አልኮል ነው የሚፈለገው። በዚህ አያያዝ ጉንዳኑም ይበላሻል፣ ካቲካላውም ይባክናል።

ሁለት ዝርያ ማግኘትህን ግን እጠራጠራለሁ። ባለ ትልቅ ጭንቅላቶቹና ትንንሾቹ ከአንድ ጎጆ ከወጡ የአንድ ንግሥት ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። አናጺ ጉንዳን ሠራተኞቿ እኩል አይደሉም። በዚህ የተሸወድከው አንተ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ድሮ አውሮፓ ሙዚየም ውስጥ ቁጭ ብለው ከየአገሩ በፖስታ የሚላክላቸውን ጉንዳን የሚሰይሙ ሊቃውንት ትልቁን በአንድ ስም ትንሹን በሌላ ስም የመዘገቡበት ጊዜ አለ፣ ያንን ማጥራት ዛሬም ሥራ ነው።

ብናኙ ጥሩ ምልክት ነው። ምስጥ እንጨቱን ይበላዋል፣ አናጺ ጉንዳን ግን ቤት ትፈለፍልበታለች እንጂ አትበላውም፣ ፍርፋሪውን ወደ ውጭ ትጥለዋለች። አንዷን በጎን በኩል በአጉሊ መነጽር እያት። ጀርባዋ እንደ ቅስት ወጥ ሆኖ ከጎበጠ፣ ወገቧ ላይ አንድ ጉብታ ብቻ ካለ፣ ስትነካት ሳትናደፍ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ነገር ከረጨች፣ ካምፖኖተስ የሚባለው የአናጺ ጉንዳኖች ወገን ናት ማለት ይቻላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው፣ ምክንያቱም በዚህ ወገን ውስጥ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ1,000 በላይ ናቸው። «አዲስ ናት» ለማለት ቢያንስ የቅርብ ዘመዶቿን በሙሉ ማየት አለብህ።

አንድ ታሪክ ልንገርህ። ቦርኒዮ ደሴት ላይ፣ ብሩናይ ውስጥ ባለው የኩዋላ ቤላሎንግ የዝናብ ደን፣ ዛፍ ላይ የምትኖር ጉንዳን አለች። ጠላት ሲመጣባት ትነክሰዋለች፣ ከዚያ ሆዷን ጨምቃ የራሷን ገላ ትቀደዋለች፣ ከውስጧ የሚወጣው ቢጫ ሙጫ ጠላቷን ያጣብቀዋል። እሷም እዚያው ትሞታለች። ሙጫው ደግሞ ቅመም ቅመም ይሸታል ይላሉ። ትልልቆቹ እህቶቿ አይፈነዱም፤ ጭንቅላታቸው እንደ ውታፍ ስለሆነ የጎጆውን በር የሚዘጉት በጭንቅላታቸው ነው። እንዲህ የሚፈነዱ ጉንዳኖች መኖራቸው ከ100 ዓመት በላይ ይታወቃል። ከ1935 እ.ኤ.አ. በኋላ ግን ከነሱ መሀል አዲስ ዝርያ በስም የመዘገበ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህቺን ጉንዳን «ቢጫ ሙጫ» በሚል ቅጽል ስም ነበር የሚጠሯት። ኮሎቦፕሲስ ኤክስፕሎደንስ የሚለውን ስም ያገኘችው በ2018 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ ነው፣ ዙኪስ በተባለ የሳይንስ መጽሔት። ኮሎቦፕሲስም እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ የካምፖኖተስ ክፍል ተደርጎ ነበር የሚቆጠረው።

እንግዲህ ማየትና መመዝገብ ምን ያህል እንደሚራራቁ ተመልከት። መመዝገብ ማለት ጉንዳኗን ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ወረቀት ጫፍ ላይ በሙጫ ማጣበቅ፣ የጭንቅላቷን ስፋት፣ የአንቴናዋን ርዝመት በሚሊሜትር ክፍልፋይ መለካት፣ ፀጉሯን ሳይቀር መቁጠር ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ አሰልቺ ነው። ከዚያ አንዷ ለስሙ ዋና ናሙና ሆና ሙዚየም ትገባለች። ነገ የሚከራከር ሁሉ እሷን ያያል። መግለጫው ካልታተመ ግን ስሙ የለም፣ ፌስቡክ ላይ ብትለጥፈው አይቆጠርም።

ብቻህን አትሞክረው። አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የእንስሳት ሙዚየም አለ፣ እዚያ ጠይቅ። ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ሳትይዝ እንዳትነሳ።

የእናትህን ስም በተመለከተ፣ ይቻላል። በሴት ስም ሲሰየም መጨረሻው በላቲን ደንብ ይለወጣል። እናትህ አልማዝ ከሆኑ «አልማዜ» ዓይነት ድምፅ ይወጣል፣ ደስ ይላቸው እንደሆነ ራሳቸውን ጠይቃቸው። በራስህ ስም መሰየም ክልክል ነው የሚል ሕግ የለም፣ ግን ነውር ነው፣ ባለሙያዎቹ ይስቁብሃል።

አሁን ወደ ግንዱ ተመለስ። አታፍርሰው። ከዚያው ጎጆ ትልቅም ትንሽም ለቅም፣ ክንፍ ያላቸው ካሉ እነሱንም ጨምር። ብልቃጡ ውስጥ ቀኑን፣ ቦታውንና ከምን ግንድ እንዳገኘሃቸው በወረቀት ጽፈህ ክተት፣ ግን በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል።