ባትሪው የት ይተከል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ኤሌክትሪክ ባትሪ ማከማቻ ከጻፍኩ ወዲህ ካሊፎርኒያ ካላችሁ አንባቢያን ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የአብዛኞቻችሁ ጭንቀት አንድ ነው፦ ለምን እርሻ ላይ? ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከሰፈራችን ጀርባ ያለው የቲማቲም ማሳ ላይ የባትሪ ማከማቻ ሊሠራ ነው ተባለ። ይህ ሁሉ በረሃ እያለ ለምን እርሻ ይነካል? (ከሳክራሜንቶ)

መልስ፦ ባትሪው ማከፋፈያ ጣቢያ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ቀን ሶላር ያመረተውን ይሞላል። ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ምድጃና ኤሲ ሲከፍት መልሶ ይለቃል። ካሊፎርኒያ ዛሬ ከ15,000 ሜጋዋት በላይ ባትሪ ያላት ለዚህ ነው። ከጣቢያው በራቀ ቁጥር መስመር መዘርጋቱ፣ የሰው መሬት ለማቋረጥ መስማማቱ ገንዘብና ጊዜ ይበላል። ብዙ ጣቢያዎች ደግሞ የቆሙት ማሳ መሀል ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ግን "ለጣቢያው ቅርብ ነው" ማለት "ሌላ ቦታ የለም" ማለት አይደለም። ደግሞም እርሻ ሁሉ እኩል አይደለም። ስቴቱ አፈሩን በደረጃ የለየ ካርታ አለው፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል። "ፕራይም ፋርምላንድ" የተባለው ምርጡ ነው። የእናንተ ማሳ በየትኛው ደረጃ እንደተመደበ መጀመሪያ እዩ።

ፍሬስኖ ካውንቲ ያለውን የዳርደን ፕሮጀክት ውሰዱ። ስቴቱ በጁን 2025 ፈቀደው። 1,150 ሜጋዋት ሶላርና 4,600 ሜጋዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ነው፤ ስፋቱ 9,500 ኤከር ገደማ። የተመረጠው ግን ለገበሬዎች የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍለው የዌስትላንድስ ውሃ ዲስትሪክት ከመስኖ ያወጣው መሬት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በቅርብ እያለ ቲማቲም የሚያበቅል አፈር ላይ ጠጠር መድፋት ለእኔ አይዋጥልኝም። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ያመኛል።

ጥያቄ፦ የፕሮጀክቱን የአካባቢ ጥናት አወረድኩት። መቶዎች ገጽ ነው። "አማራጭ ቦታዎች ታይተዋል" ይላል። የምር መታየታቸውን በምን አውቃለሁ? (ከስቶክተን)

መልስ፦ ሁሉንም አያንብቡ። መጀመሪያ "የፕሮጀክቱ ዓላማ" የሚለውን ይክፈቱ። ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። በ1970 የወጣው የካሊፎርኒያ የአካባቢ ሕግ አማራጮች እንዲመዘኑ ያዛል፤ የሚመዘኑት ግን የዓላማውን አብዛኛውን ክፍል የሚያሟሉት ናቸው። ስለዚህ ዓላማው "በዚህ ጣቢያ፣ በዚህ ርቀት ውስጥ፣ በዚህ ዓመት የሚያልቅ" ተብሎ ከጠበበ፣ ሌላው ቦታ ሁሉ ሳይመዘን ይወድቃል። ይህን ካዩ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ርቀቱ ለምን ይህን ያህል ሆነ? ሁለት ወይም ሦስት ማይል ቢጨመር ምን ይገኛል?

ቀጥሎ የወደቁት ቦታዎች ለምን እንደወደቁ ይዩ። "ባለቤቱ አልሸጥም ብሏል" አንድ ነገር ነው። "አይመችም" ብቻ ከሆነ ግን መልስ አይደለም። ኩባንያው ለመረጠው ቦታ ጎርፉ፣ መንገዱ፣ የአፈሩ ደረጃ፣ የቤቶች ርቀት በዝርዝር ተለክቶ ለሌላው አንድ አንቀጽ ብቻ ከተጻፈ፣ ሚዛኑ አንድ ወገን ብቻ ተጭኖበታል። "ምንም ባይሠራስ?" የሚለው አማራጭም በሕጉ ግዴታ ነው፤ ይፈልጉት።

ረቂቁ ሲወጣ ለአስተያየት ብዙ ጊዜ 45 ቀን ይሰጣል። ስብሰባ ላይ ከመጮህ የተጻፈ ጥያቄ ይበልጣል፤ ጥናቱን የሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት ለእሱ በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበትና። ፈቃድ የሚጠየቀው ካውንቲ እምቢ ቢልም ጉዳዩ ላያበቃ እንደሚችል ይወቁ። ከ2022 ጀምሮ 200 ሜጋዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚይዝ ማከማቻ የሚሠራ ኩባንያ ፈቃዱን በቀጥታ ከስቴቱ የኢነርጂ ኮሚሽን መጠየቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የሞስ ላንዲንግን የባትሪ ማከማቻ እሳት በቴሌቪዥን አየሁት። ፋብሪካ አካባቢ ቢሆን አይሻልም ነበር? (ከኦክላንድ)

መልስ፦ እሱ እኮ የኢንዱስትሪ ቦታ ነበር! ጃንዋሪ 16 ቀን 2025 የተቃጠለው ማከማቻ የተቀመጠው በድሮ የኃይል ማመንጫ የተርባይን አዳራሽ ውስጥ ነው። ከ1,000 በላይ ሰው ከቤቱ ወጣ፤ አውራ ጎዳና 1 ተዘጋ። በኋላ ተመራማሪዎች በአጠገቡ ባለው የኤልክሆርን ረግረግ አፈር ላይ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ጨምሮ አገኙ። ከወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ ላይ፣ እሳቱ እንደገና ተነሣ።

እዚያ ጥፋቱን ያገዘፈው ብዙ ባትሪ በአንድ ጣሪያ ሥር መታጨቁ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ውጭ፣ ተራርቀው በቆሙ ኮንቴይነሮች ነው፤ አንዱ ቢነድ ወደ ሌላው እንዳይዛመት። ስለዚህ "ፋብሪካ ወይስ እርሻ" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ኮንቴይነሮቹ ምን ያህል ይራራቃሉ? ነፋሱ በአብዛኛው ወዴት ይነፍሳል? እሳት አጥፊዎች በስንት መንገድ ይገባሉ? እንዲህ ያለ እሳት ብዙ ጊዜ ነድዶ እስኪያልቅ ይጠበቃልና፣ ጭሱ የሚሄድበት አቅጣጫ ላይ ትምህርት ቤት ወይም የሰላጣ ማሳ ካለ ቦታው ራሱ ችግር ነው።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር 40 ኤከር የአልመንድ እርሻ አለን። ኩባንያ 10 ኤከር እንከራይ አለን። ክፍያው ከአልመንዱ በብዙ ይበልጣል። እንፈርም? (ከፍሬስኖ አካባቢ)

መልስ፦ አትፈርሙ አልልም፤ የውሃው ችግር እንዴት እንዳስጨነቃችሁ ከደብዳቤሽ ይታያል። ግን ጠበቃ ሳያየው ብዕር አታንሡ። መሬቱ በዊሊያምሰን ሕግ ውል ሥር ከሆነ (ባለቤቱ መሬቱን ለእርሻ ብቻ ሊያውል ተስማምቶ የንብረት ግብር የሚቀነስለት ውል ነው)፣ ለማሰረዝ የመሬቱን ዋጋ 12.5 በመቶ ያስከፍላል። ማን ይከፍላል? ኩባንያው ቢከስር ኮንክሪቱንና ባትሪውን የሚያነሣው ገንዘብ ከአሁኑ በዋስትና ይያዛል ወይ? የላይኛው አፈር ተገፎ ለብቻው ይቀመጣል ወይስ ይጣላል? የመጨረሻው መልስ "ይጣላል" ከሆነ፣ ልጆቻችሁ ያንን 10 ኤከር መልሰው አያርሱትም።

ጥያቄ፦ በሶላር ሥር በግ ይሰማራል ሲሉ ሰምቻለሁ። በባትሪውም ዙሪያ ይቻላል? (ከሳን ሆዜ)

መልስ፦ አይቻልም። ባትሪው ዙሪያ ሣር እንዲኖር አይፈለግም፤ እሳት ያዛምታል። ጠጠር፣ ኮንክሪትና አጥር ነው።