ከአትክልት ሥፍራው ምን ይዘሽ ትመለሻለሽ?

ጥያቄ፦ የሥዕል ትምህርቴን በዚህ ዓመት አጠናቅቃለሁ። አንድ የዕፅዋት ማዕከል ለስድስት ሳምንት ግቢው ውስጥ ተቀምጬ አበቦችን ከቤት ውጭ እንድሥል የሬዚደንሲ፣ ማለትም በቦታው እየኖሩ የመሥራት፣ ዕድል ሰጥቶኛል። ማደሪያና መሥሪያ ክፍል አለው፤ ክፍያ ግን የለውም። በማመልከቻዬ ላይ ሃያ የተጠናቀቁ ሥዕሎችን እንደምሠራ ጽፌያለሁ። እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ ከፎቶግራፍ ነው። ጓደኞቼ “ይህ ሽርሽር ነው፤ ይልቅ ሥራ ፈልጊ” ይሉኛል። ብሄድ ለሙያዬ የሚጠቅመኝ ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ሂጂ፤ ከመሄድሽ በፊት ግን ያንን ሃያ የሚል ቁጥር አስተካክዪ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ የክፍያው አለመኖር ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው። ከፎቶግራፍ ስትሠሪ ብሩሽሽን የምታስቀምጪው ሲደክምሽ ነው። ደጅ ስትወጪ ግን ፀሐዩ፣ ነፋሱና ዝናቡ፣ ከሁሉም በላይ ራሱ አበባው ሥራሽን ያቋርጥብሻል። ሁለት ሰዓት ያህል ከሠራሽ በኋላ ጥላው ሁሉ ቦታውን ለቅቋል፤ ፊት ለፊትሽ ያለው ሌላ ሥዕል ሆኗል። ቱሊፕ በጧቱ ቅዝቃዜ ተሰብስቦ ይቆይና ሙቀት ሲያገኝ ይከፈታል፤ ስለዚህ ጧት የነደፍሽው ቅርጽ እኩለ ቀን ላይ የለም። ፓፒ ዛሬ ፈክቶ ነገ ሊረግፍ ይችላል። ሃያ ሥዕል ለማስረከብ ቃል የገባ ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ክፍሉ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። ያን ጊዜ ጓደኞችሽ ልክ ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሥራት ከቤትሽ መውጣት አያስፈልግሽም ነበርና።

አበባን በቦታው ተገኝቶ መሣል የሚጠቅመው ፎቶግራፍ የማይነግርሽን ስለሚነግርሽ ነው። ካሜራ ብዙ ጊዜ ደማቅ ቀይና ሐምራዊ ሲያጋጥመው ይሸነፋል፤ በአንድ ቀይ ጽጌረዳ ውስጥ ዓይንሽ ለይቶ የሚያየውን ብርቱካናማና ወይን ጠጅ ሁሉ አንድ ወጥ ቀይ አድርጎ ያስቀረዋል። ነጭ አበባ ጥላ ውስጥ ሲሆን ከሰማዩ ሰማያዊ፣ ከሣሩ አረንጓዴ ይበደራል። ፀሐይ ከበስተጀርባው የመታው ቅጠል ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ፣ ከላይ የመታው ያው ቅጠል ደግሞ ሰማዩን አንጸባርቆ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ይህን ልዩነት ቀርቦ ያየ ሠዓሊ በኋላ ስቱዲዮው ውስጥ ቢሠራም ይታወቅበታል። ሥራዎችን መርጠው የሚቀበሉ ሰዎችም ከፎቶግራፍ የተቀዳ አበባ በጣም ብዙ ስለሚያዩ ልዩነቱን ለመለየት ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ስለዚህ የተጠናቀቁ ሥዕሎችን ሳይሆን የጥናት ሥዕሎችን፣ ማለትም ያየሽውን ለመመርመርና ለመማር የምትሠሪያቸውን ሥዕሎች፣ አልሚ። ይህ ማነስ እንዳይመስልሽ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በሜይ 1889 ፈረንሳይ ውስጥ ሳን ሬሚ በሚባል ቦታ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ግቢው ውስጥ የበቀሉትን አይሪስ አበቦች ሣለ። እርሱ እንደ ጥናት ነበር የቆጠረው፤ ወንድሙ ቴዎ ግን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ፓሪስ ውስጥ ለነጻ ሠዓሊያን ዐውደ ርእይ አቀረበው። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት እንግሊዝ ውስጥ በአበቦች መካከል ፋኖስ የሚያበሩ ሁለት ልጃገረዶችን ሲሥል፣ የፈለገው የምሽት ብርሃን በየቀኑ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ስለነበረ እ.ኤ.አ. በ1885 የጀመረውን አንድ ሸራ የጨረሰው በ1886 ነው። አበቦቹ ሲረግፉበት በሰው ሠራሽ አበባ እየተካ ቀጠለ። ሳርጀንት እንዲህ ከለፋ፣ በስድስት ሳምንት ሃያ ሥዕል ማለት ለማንም ከባድ ነው።

ሲሠሩ ውለው ከሚመለሱ ሰዎች የምትማሪው አንድ ዘዴ አለ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት የሥዕል ሰሌዳ መያዝ። አንዱ ለጧት ብርሃን፣ አንዱ ለከሰዓት፣ አንዱ ደመና ለሚሆንበት ቀን። ብርሃኑ ሲቀየር ሥዕሉን አታሯሩጪው፤ አስቀምጪውና ሌላውን አንሺ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔም ብርሃኑ በተቀየረ ቁጥር ሸራ እየቀየረ ነበር የሚሠራው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደግሞ ቀለም ሳትነኪ በግቢው ተዘዋወሪ። አትክልተኞቹን ጠይቂ፤ የትኛው መደብ በየትኛው ሳምንት እንደሚያብብ፣ የቱ እንደሚገረዝ፣ የቱ ተነቅሎ በሌላ እንደሚተካ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ለሦስት ቀን የደከምሽበትን የአበባ መደብ አራተኛው ቀን ላይ ተቆርጦ ብታገኚው ጥፋቱ የአትክልተኛው አይደለም።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፣ ትምህርት ቤት ያስተማሩሽ ይበቃል። ወረቀትሽን ግን ጥላ ውስጥ አድርጊ። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ዓይንን ስለሚያጭበረብር እዚያ ብሩህ የመሰለሽ ሥዕል ክፍል ስትገቢ ጨልሞ ይጠብቅሻል። ጃንጥላሽ ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን፤ ቀይ ጃንጥላና ቀይ ሸሚዝ ሥዕልሽ ላይ ቀይ ብርሃን ይጥላሉ። በዘይት ቀለም የምትሠሪ ከሆነ እርጥቡን ሰሌዳ ሳይነካካ የሚይዝ ሣጥን ያስፈልግሻል። ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ስትገዢ ደግሞ ቱቦው ላይ ቀለሙ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚቋቋም የተጻፈውን አንብቢ። የቫን ጎግ አይሪሶች ዛሬ ሰማያዊ ሆነው የሚታዩት የተቀላቀለበት ቀይ ቀለም በብርሃን ስለጠፋ ነው፤ ሲሣሉ ወይን ጠጅ ነበሩ። ሥራ ለመሸጥ የምታስቢ ሰው ይህ ያገባሻል።

አሁን ወደ ሥራ ፍለጋው ልምጣ። በእያንዳንዱ ጥናት ግርጌ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታና በተክሉ መለያ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሳይንሳዊ ስም ጻፊ። ከዚያ አንድ ተክል ምረጪና ከእምቡጥ እስከ ዘር ተከታተዪው። አንድን ነገር በትዕግሥት የምትከታተል ሠዓሊ መሆንሽን የሚያሳይ ተከታታይ ሥራ ከተበታተኑ ውብ ሥዕሎች ይልቅ ለመጽሐፍ ሥዕል፣ ለጨርቅ ንድፍ፣ ለማስተማር ሥራና ለሚቀጥለው ሬዚደንሲ ይናገርልሻል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ የሥራ ልምድ መግለጫሽ ላይ “የዕፅዋት ሳይንስ ሠዓሊ” ብለሽ እንዳትጽፊ። ያ በልክ የሚሠራ፣ አበባውን ከፍቶ ወንዴና ሴቴ ክፍሎቹን የሚያሳይ፣ በዕፅዋት ተመራማሪ የሚታረም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከወደድሽው እዚያው ያሉትን ተመራማሪዎች አነጋግሪና መማር ጀምሪ፤ ሳይማሩት ስሙን መውሰድ ግን በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ያጋልጣል።

ጓደኞችሽ ያሉትም ውድቅ አይደለም። ስድስት ሳምንት ያለ ገቢ መኖር የሚያስበድርሽ ከሆነ ማዕከሉን ቆይታው ወደ ሌላ ጊዜ ይተላለፍልኝ ወይም ይጠርልኝ ብለሽ ጠይቂ። የሥራ ማመልከቻዎችሽንም ከመሄድሽ በፊት ላኪ፤ ሬዚደንሲውና ሥራ ፍለጋው አይጣሉም።

ከሁሉም በላይ በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር አትቀበዪ። ብዙ ማዕከላት አንድ ሥራ በስጦታ እንድትተዪ ይጠይቃሉ፤ ይህ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሸራውን መስጠትና የማባዛት መብቱን መስጠት የተለያዩ ናቸው። ሥዕልሽን ፖስታ ካርድ፣ የቀን መቁጠሪያ ወይም ኩባያ ላይ አትመው ሊሸጡ ከሆነ የብቻቸው መብት ነው ወይስ ያንቺም፣ ለስንት ጊዜ፣ በምን ክፍያ የሚለው ይጻፍ። ሥራ ቢሸጥ ድርሻቸው ስንት ነው? ለጎብኚዎች ስቱዲዮሽን የምትከፍቺው፣ ልጆችን የምታስተምሪው በሳምንት ስንት ጊዜ ነው? ነጻ ማደሪያ ያለው ቆይታ ሳይታሰብ ነጻ አስተማሪነት ሊሆን ይችላል። ቀለምና መጓጓዣ በማን ነው? ሥራው ግቢያቸው ውስጥ እያለ ቢበላሽ ተጠያቂው ማን ነው? እነዚህን መጠየቅ ውለታ ቢስነት አይደለም፤ ሥርዓት ያለው ማዕከል መልሱን ከወዲሁ አዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። መልስ የሌለው ከሆነ ራሱ መልስ ነው።

ለአስተባባሪዋ ወይም ለአስተባባሪው በዚህ ሳምንት እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ “በማመልከቻዬ ሃያ የተጠናቀቁ ሥዕሎችን ጠቅሼ ነበር። የግቢውን የአበባ ወቅት ካሰብኩ በኋላ አንድን ተክል ከእምቡጥ እስከ ዘር የሚከተል የጥናት ሥዕሎች ስብስብና ከዚያ የሚወጡ ሦስት የተጠናቀቁ ሥራዎችን ላቀርብ እመርጣለሁ። በቆይታዬ ጊዜ የሚያብቡትን ተክሎች ዝርዝርና የስምምነቱን ረቂቅ ብትልኩልኝ አመሰግናለሁ።” ረቂቁ ሲደርስሽ ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝና አብረን እናንብበው።